ይጠይቁ እንመልሳለን፦ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ ብድር ልውሰድ?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በተሰማ ሰሞን ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ገንዘብ ናቸው። ለዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደረሱንን መርጠናል። መልሶቹን ያዘጋጁት የብድርና የሬጅስትራር ሥራን ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። በስሌቶቹ የምናነሣቸው የወለድ መጠኖች፣ የገበያ ዋጋዎችና ደመወዞች ለማሳያ ያህል ስለሆኑ የየራሳችሁን ቁጥር እያስገባችሁ አስሉት።

«ልጄ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። ኮስት ሼሪንግ ዕዳ ነው፣ በየዓመቱ ቀድሞ ለከፈለ ግን ቅናሽ አለው አሉኝ። ልጄ ዕዳ ተሸክማ እንድትወጣ አልፈልግም። ከባንክ ተበድሬ ልክፈልላት?» የተማሪ አባት፣ ከወረታ

አባታችን፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ለዚህ ግን አይበደሩ።

ወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ የሚሉት) ራሱ ብድር ነው፤ ያውም ሌላ አበዳሪ የማይሰጠው ዓይነት ብድር። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የሚማር ሰው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሲማር ግን ገንዘቡን አይከፍልም፤ በየዓመቱ ውል ይፈርማል እንጂ። መክፈል የሚጀምረው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው። አሠሪው ከወር ደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ያስገባለታል፤ የመጨረሻው የመክፈያ ጊዜ 15 ዓመት ነው። ወለድ የለውም፤ ቤት ወይም ከብት አስይዙ አይልም። ልጅዎ ከተመረቀች በኋላ ሥራ ፍለጋ ብትቆይ እንኳ ደመወዝ ከሌላት የሚቆረጥባት ነገር የለም። የባንክ ብድር ግን ሥራ ትያዝ አትያዝ ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

አሁን ወደ ቅናሹ እንምጣ። በየዓመቱ ድርሻውን ቀድሞ ለሚከፍል 5 በመቶ፣ ከተመረቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁሉንም ባንዴ ለሚከፍል 3 በመቶ ይቀነስለታል። የልጅዎ የዓመት ድርሻ 30,000 ብር ነው እንበል። የቀን ምግብ ተመኑ ከፍ ስላለ የዓመቱ ድርሻም እንደ ድሮው ትንሽ አይደለም። ቀድመው ከከፈሉ 1,500 ብር ያተርፉና 28,500 ይከፍላሉ። ይህን 28,500 ብር በ18 በመቶ ወለድ ተበድረው በ12 ወር ቢመልሱት ወለዱ ብቻ ወደ 2,850 ብር ይጠጋል፤ የአገልግሎትና የውል ክፍያው ሳይታከል። ትርፉ 1,500፣ ኪሳራው 2,850 ነው።

በሬ ሸጠው ጥሬ ገንዘቡ በእጅዎ ቢሆን እንኳ መልሳችን ያው ነው። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ስለሆነ 28,500 ብሩ ዓመቱን ባንክ ቢቀመጥ 1,995 ብር ይወልዳል፤ ከቅናሹ ይበልጣል ማለት ነው። ከዚያም በላይ ልጅቷ ብትታመም ወይም መንገድ ቢዘጋና ድንገት ብር ቢያስፈልግ ገንዘቡ በእጅዎ አለ።

ዕዳው አስፈሪ የሚመስለው በጥቅል ሲታይ ነው። በአራት ዓመት 120,000 ብር ቢደርስና ልጅዎ 12,000 ብር ደመወዝ ብትቀጠር በወር 1,200 ብር ይቆረጥባታል፤ በ100 ወር፣ ማለትም በ8 ዓመት ከ4 ወር ያልቃል። የኑሮ ዋጋም ደመወዝም እየጨመረ ሲሄድ ወለድ የሌለው ዕዳ ከዓመት ዓመት ይቀላል። መምህርነትን ለመሳሰሉ መንግሥት ለወሰናቸው ሙያዎች የሠለጠኑ ተማሪዎች ደግሞ ድርሻቸውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበት አሠራር ስላለ ልጅዎ የትምህርት ክፍል ስትመርጥ ይህንንም ትጠይቅ።

ከእርስዎ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ልጅዎ በየዓመቱ የፈረመችውን ውል ቅጂ ይያዙላት። በዚህ ጉዳይ ላይ ጭቅጭቅ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ምክንያት ነው። መሐል ላይ ትምህርት አቋርጦ የተመለሰ ተማሪ ያልተማረበት መንፈቅ ተቆጥሮበት ይገኛል፤ ወይም አንዱ ዓመት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ቅጂ ያለው ሰው በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ የሌለው ከፔዳ (ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ) ገቢዎች፣ ከገቢዎች ፔዳ ሲመላለስ ይከርማል።

«ፎገራ ላይ ሩዝ የማመርትባት አንድ ቃዳ መሬት አለችኝ። ለልጄ ላፕቶፕና ለዓመት ወጪው 30,000 ብር ሊሰጠኝ ፈቃደኛ የሆነ ጎረቤት መሬቷን በወለድ አግድ ስጠኝ ይላል። ወለድ የለውም፣ ብሩን ስመልስ መሬቴን ይመልሳል። ምን አላችሁ?» ገበሬ፣ ከፎገራ

ወለድ የለውም የሚለው ቃል ነው ብዙ ቤት ያፈረሰው። ወለዱ እህሉ ነው፤ ብሩ እስኪመለስ መሬቷን ይዞ ምርቷን የሚወስደው አበዳሪው ነውና።

በገንዘብ ተርጉመን እንየው። አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ደህና ዓመት ላይ እስከ 10 ኩንታል ያልተፈተገ ሩዝ ይሰጣል። ራስዎ ማረስ ቢያቅትዎና ለእኩል ቢሰጡት እንኳ 5 ኩንታሉ የእርስዎ ነው። ኩንታሉን በ4,000 ብር ብናስበው በዓመት 20,000 ብር ይሆናል። በወለድ አግድ ሲሰጡ ይህን 20,000 ብር በየዓመቱ ለጎረቤትዎ ለቀቁለት፤ የተበደሩት ግን 30,000 ብር ነው። በመቶኛ ሲሰላ ከ66 በላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 40,000 ብር የሚያህል እህል ሰጥተው ሳለ የ30,000 ብሩ ዕዳ አንድ ብር አልቀነሰም። መሬቷ ከእጅዎ ስለወጣች ደግሞ ዋናውን የሚመልሱበት ገቢም የለም። ወለድ አግድ ዓመታት የሚቆየው ስለዚህ ነው።

የውሉም ጉዳይ አለ። በሽማግሌ ፊት ተጽፎ በኪስ የሚቀመጥ፣ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያልተመዘገበ ውል፣ ጎረቤት ሲጣላ ወይም አንዱ ሲሞት ለሁለቱም ወገን መዘዝ ነው።

በዚህ ፈንታ በቅደም ተከተል እነዚህን ይሞክሩ። መጀመሪያ ገንዘቡን ይቀንሱ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚወስደው የጋራ ትምህርት ስለሆነ ላፕቶፕ በገባ ማግስት አያስፈልገውም፤ የትምህርት ክፍሉ ሲለይ የትኛው ዓይነት እንደሚበጀው ያን ጊዜ ይታወቃል። ኢንጂነሪንግ የገባና ሕግ የገባ አንድ ዓይነት ማሽን አይፈልጉም። ለመጀመሪያው መንፈቅ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጫማ፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ የመንገድ ብርና በወር የምትላክ የኪስ ገንዘብ ይበቃል። ይህ ከ30,000 ብሩ እጅግ ያነሰ ነው፤ ቀሪውን ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ አዝመራ ይደርስለታል።

አሁኑኑ ብር የግድ ከሆነ መሬቷን በወለድ አግድ ከመስጠት ለተወሰነ ዓመት በኪራይ ይስጡ። ለሁለት ምርት ብቻ ተብሎ፣ ኪራዩ ቀድሞ ተቀብሎ፣ በመሬት አስተዳደር ይመዝገብ። ሁለት ምርት ሲሰበሰብ መሬቷ ያለ ምንም ክፍያ ትመለሳለች። ልዩነቱን ልብ ይበሉ፤ በኪራይ ዕዳ የለም፣ በወለድ አግድ ዕዳው ሳይነካ ይቀመጣል።

ሌላው መንገድ የሁለተኛ ደረጃ (ካርታ ያለው) የይዞታ ደብተር ካለዎት እሱን አስይዞ ከአነስተኛ ብድር ተቋም ወይም እንደ ፀደይ ባንክ (የቀድሞው አብቁተ) ካለ ገጠር ከሚደርስ ባንክ መበደር ነው። የሚያዘው የመጠቀም መብቱ እንጂ መሬቱ አይደለም፤ ባይከፍሉ አበዳሪው መብቱን ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ አስተላልፎ ገንዘቡን ያወጣል። ከመፈረምዎ በፊት «በየወሩ ሳይሆን በምርት ጊዜ እከፍላለሁ» ብለው ይጠይቁ። ለገበሬ የወር ክፍያ የሚባል ነገር ከሌላ ሰው እየተበደሩ መክፈል ማለት ነው።

ጎረቤትዎ ጥሬ ብር በወለድ ሊያበድርዎት ቢፈልግም ሕጉን ይወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰዎች እርስ በርስ ሲበዳደሩ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋል አይችሉም፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ደግሞ በጽሑፍ ካልሆነ ማስረዳት ከባድ ነው። በወር 10 በመቶ የሚባለው በዓመት 120 በመቶ ነው፤ እሱ አራጣ ነው፣ አራጣ ደግሞ በወንጀልም ያስቀጣል።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሁለተኛ ልጄ ዘንዘልማ ግቢ ገብታለች። አንዱ አበዳሪ 18 በመቶ፣ ሌላው 20 በመቶ አሉኝ። በ18ቱ ልፈርም ስል ባልደረባዬ ቆይ አለችኝ። 60,000 ብር ለሁለት ዓመት ነው የምፈልገው።» ከባሕር ዳር

ባልደረባሽ ጥሩ ሰው ናት እህታችን። ማወቅ ያለብሽ ከመቶኛው በፊት ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ ነው።

ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ የሚሰላ ከሆነ (ቋሚ ወለድ ይሉታል) 60,000 በ18 በመቶ ለሁለት ዓመት 21,600 ብር ይወልዳል፤ በወር 3,400 ብር ትከፍያለሽ። በመጨረሻው ወር ያለብሽ ዋና ብድር 2,500 ብር ብቻ ሆኖ ሳለ ወለድ የሚታሰብብሽ ግን በ60,000 ነው። በቀሪ ሂሳብ የሚሰላው 20 በመቶ ደግሞ በወር ወደ 3,054 ብር፣ በጠቅላላው 13,290 ብር ገደማ ወለድ ነው። «ርካሹ» 18 በመቶ ከ«ውዱ» 20 በመቶ በ8,300 ብር ይበልጣል። የቋሚው 18 በመቶ ትክክለኛ ክብደት በቀሪ ሂሳብ ሲመነዘር ወደ 31 በመቶ ይጠጋል።

ስለዚህ ሁለቱንም ቢሮዎች አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ በየወሩ ዋናውና ወለዱ ተለይቶ የተጻፈበት የክፍያ ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡ ላይ የወለዱ ዓምድ ከወር ወደ ወር ካልቀነሰ ቋሚ ወለድ ነው። ከዚያ በእጅሽ የሚገባውን ብር ጠይቂ። የአገልግሎት ክፍያ፣ የብድር መድንና የግዴታ ቁጠባ ተቀንሶ ከ60,000 ብሩ 54,000 ብቻ ቢደርስሽ ወለድ የምትከፍዪው ላልተጠቀምሽበት 6,000 ጭምር ነው። ቀድሞ መክፈል ቢቻልሽ የቀረው ወለድ ይሰረዝ እንደሆነም በውሉ ይጻፍልሽ፤ የቃል መልስ አትቀበዪ።

በመሥሪያ ቤትሽ የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ መጀመሪያ እሱን እዪ። የቆጠብሽውን አባዝቶ ያበድራል፣ ወለዱ በአብዛኛው ከባንክ ይቀላል፣ የሚተርፈውም ለአባላቱ ይከፋፈላል። እንቅፋቱ ለተወሰኑ ወራት ቀድሞ መቆጠብ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ሦስተኛ ልጅ ካለሽ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ አባል ሁኚ።

«የእኅቴ ልጅ ለትምህርቱ ሊበደር ነው። ደመወዝ ስላለኝ ዋስ ሁነኝ አለ። እምቢ ማለት ይከብደኛል።» አጎት፣ ከጎርጎራ

እምቢ አይበሉ፤ ግን ሳያነቡ አይፈርሙ። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም በግልጽ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። «ለብድሩና ለማናቸውም ወጪ» የሚል ልቅ ሐረግ ካዩ በቁጥር እንዲተካ ያድርጉ፦ ለምሳሌ «እስከ 40,000 ብር»። ሌላው ቃል «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ነው። ይህ ካለበት አበዳሪው ልጁን ሳይጠይቅ በቀጥታ እርስዎ ዘንድ መምጣት ይችላል።

መሥሪያ ቤትዎ የደመወዝ ዋስትና ደብዳቤ ሲጽፍ ያ ዕዳ በእርስዎ ስም ይቆጠራል። ነገ ለቤት መሥሪያ ሊበደሩ ሲሄዱ ያን ያህል ይቀነስብዎታል። ብድሩ ሲያልቅ ከአበዳሪው የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ተቀብለው ዋስትናውን ከፋይልዎ ያሰርዙ፤ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው። የእኅትዎን ልጅ ደግሞ በየሦስት ወሩ የከፈለበትን ደረሰኝ ይጠይቁት። መዘግየቱን በአንደኛው ወር ያወቀ ዋስ ያስተካክላል፤ በስድስተኛው ወር የሰማ ግን ይከፍላል።

«ቤታችን ለፔዳ ቅርብ ስለሆነ ነን ካፌ ልሁን፣ ማለትም በግቢው ካፌ መመገቤን ትቼ የምግቡን ብር ልቀበል አልኩ። በየወሩ በሚሰጠኝ ብር ብድር እየከፈልኩ ላፕቶፕ ልግዛ?» ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ነን ካፌ መሆንህ ጥሩ ነው፤ ቤት ከበላህ ብሩ ይተርፍሃል። ግን ሁለት ነገር አስብ። የምትቀበለው ብር ስጦታ አይደለም፤ እንደ ካፌ ተመጋቢው ሁሉ በወጪ መጋራት ውልህ ላይ ይጻፋል። ደግሞም ቀኑን ጠብቆ ላይገባ ይችላል፤ ሁለት ወር ተጠራቅሞ የሚከፈልበት ጊዜ አለ። የብድር ቀን ግን አይጠብቅህም። ስለዚህ ተበድረህ በዚህ ብር ከመክፈል መጀመሪያ አጠራቅመህ ግዛ። ለጎደለችህ ትንሽ ነገር ቴሌብር መላን የመሰለ የስልክ ብድር ለቀናት ልትጠቀም ትችላለህ፤ ለላፕቶፕ ግን አይሆንም። ጊዜው አጭር ስለሆነ አንዱን ለመክፈል ሌላውን መውሰድ ይመጣል፤ የየጊዜው ክፍያም ተደምሮ ከባንክ ወለድ ይበልጣል።

«ከፖሊ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ግቢ) ከተመረቅኩ አራት ዓመቴ ነው። ቴምፖ (ጊዜያዊ ማስረጃ) እንጂ ኦሪጅናል ዲግሪ የለኝም። ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቼ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ተጠየቅኩ። ለወጪ መጋራት ከደመወዜ ሲቆረጥ ነበር፤ ገቢዎች ግን ምንም አልገባም አሉኝ። ተበድሬ ልክፈል?» ከባሕር ዳር

መጀመሪያ የተቆረጠብህን አስመልስ፤ ያኔ የምትበደረው ያንሳል። ቆርጦ አለማስገባት የአሠሪው ጥፋት ነው እንጂ ያንተ አይደለም። የተቆረጠበትን የየወሩን የደመወዝ ዝርዝር ከፋይናንስ ክፍል ማኅተም አስደርገህ ውሰድ። በደብዳቤ ገንዘቡ በስምህና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥርህ እንዲገባ ጠይቅ፤ ግልባጩን ለገቢዎች አድርስ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ጠፍቶ ሳይሆን ከሥራ ግብሩ ጋር ተደባልቆ፣ የወጪ መጋራት ተብሎ ሳይለይ ገብቶ ነው የሚገኘው።

ከዚያ ከሬጅስትራር ጠቅላላ ዕዳህን የሚገልጽ ደብዳቤ ውሰድ፤ በእጅህ ካሉት ውሎች ጋር ዓመት በዓመት አመሳክር። ገቢዎች የተከፈለውን ቀንሶ ቀሪውን ይነግርሃል። ከፍለህ ደረሰኝና የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ስትቀበል ሬጅስትራር ኦሪጅናሉንና ትራንስክሪፕቱን ያዘጋጅልሃል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል የማመልከቻው ቀን ሳይደርስ ጀምረው።

ቀሪውን ለመክፈል መበደር የሚያዋጣበት አንድ ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። ወለድ የሌለውን ዕዳ በባለ ወለድ ብድር መለወጥ በልማዱ ኪሳራ ነው፤ እዚህ ግን የምትገዛው ቀን ያለውን ዕድል ነው። በቀሪው ልክ ብቻ፣ በቀሪ ሂሳብ ወለድ፣ አጭር ጊዜ ተበደር። ከአገር ከወጣህ በኋላ ማን እንደሚከፍልልህም ከመሄድህ በፊት በጽሑፍ አስቀምጥ፤ ዋስህ እዚህ ነው የሚቀረው።

«በኤክስቴንሽን የምማር ሠራተኛ ነኝ። ወጪ መጋራት አይመለከተኝም፤ በየመንፈቁ በክሬዲት ሰዓት እከፍላለሁ። እቁብ ይሻላል ብድር?» ከባሕር ዳር

እቁብ፣ ዕጣው ከምዝገባ ጋር ከገጠመልሽ። 20 ሰው በወር 2,000 ብር ቢጥል 40,000 ብር ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ በመጨረሻ የሚወጣለት ደግሞ ያለ ወለድ ቆጠበ። ስትገቢ ለዳኛው የምዝገባሽን ወር አስቀድመሽ ንገሪ። በዚያ ወር ካልወጣልሽ ከወጣለት ሰው ጋር ተራ መለዋወጥ ይፈቀድ እንደሆነ አረጋግጪ። ዕጣ መግዛት የሚባለው ግን ወለድ ነውና ስንት እንደሚያስከፍልሽ ከባንኩ ጋር አስተያዪው። ገንዘቡን ስትቀበዪ ዋስ ይጠየቅሻል፤ ማን እንደሚሆንልሽ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ጨርሺ፤ አለበለዚያ ብሩ ዳኛው ዘንድ እያለ ምዝገባው ይዘጋብሻል።